ያሰረው ይፍታው

አውሮፕላኗ የወደቀችው ከኤረር በር ወዲያ ባለው ቁልቁለት፣ ማሽላ ማሳ ውስጥ ነበር። ሻምበል ወልደሚካኤል ሲደርስ የጫነችው ጫት በየአገዳው ላይ ተበትኗል። ገበሬዎች በጋቢ የሸፈኑት የአብራሪው የካፒቴን ሳህሉ አስከሬን ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ቀኑ ጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው። ከከተማው ግንብ ውስጥ የንግሡ ደወል ይሰማል።

ሻምበሉ ሐረር ተወልዶ ሐረር ያደገ፣ ብዙ ነፍሰ ገዳይ ያሳደደ መርማሪ ቢሆንም ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከስብርባሪው መካከል ያየውን ግን ለመረዳት አብራሪ መሆን አያስፈልግም ነበር። የጅራቱን መሪ የሚጎትተው የብረት ገመድ ተበጥሷል። ገመዱ ከተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች ጥቂቶቹ ጫፋቸው እንደ አዲስ መርፌ ያብለጨልጫል፤ እነዚያ ዛሬ የተበጠሱ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ጠቁረው ዝገዋል። ከዛሬ በፊት ነው የተበጠሱት።

ገመዱን እያገላበጠ ሳለ ነጭ የለበሰ ሰው ቁልቁለቱን እየሮጠ መጣ። አቶ ግርማ ነበር፤ ጫት ወደ ጅቡቲ የሚያመላልሰው የአንዲት አውሮፕላን ኩባንያ የሐረር ወኪል። አስከሬኑ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሰዎች ጎትተው ካነሱት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እንደ መጣ ተናገረ። አውሮፕላኗን ማታ ማታ የሚፈትሸው መካኒኩ አባይነህ መሆኑንና ዛሬ ጠዋት ግን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ እንዳልተገኘም ጨመረ። የሜዳው ዘበኛ በቀለ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ አባይነህ ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው መኪና ወደ ድሬዳዋ እንደ ሄደ አረጋገጠ።

«ሸሽቷል» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ያው ነበር።

አባይነህ ግን ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አዲስ የብረት ገመድ ጥቅል በትከሻው አንግቷል። የሆነውን ነገር ገና አልሰማም። ሰዎች ከበቡት፤ አንዱ በጥፊ መታው፣ ሌላው ድንጋይ አነሳ። ፖሊሶች ከመሀል ነጥቀው ወደ ጣቢያ ሲወስዱት ከአፉ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሻምበሉ ፊት ሲቀመጥ የተናገረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ማን ፈታት?»

ሻምበሉ ውሃ ሰጠውና ከመጀመሪያው እንዲነግረው ጠየቀው። አባይነህም ነገረው። አርብ ማታ ሲፈትሽ የጅራቱ ገመድ ተበልቶ በጥቂት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘው። መለዋወጫ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣው የመንግሥት የበረራ ደህንነት መመሪያ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዘውን አደረገ። ለመብረር የማትበቃ አውሮፕላን ፕሮፔለሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ያሰረው ሰው ራሱ ካልፈታው በቀር ማንም አይነካውም፣ አብራሪም ጨርቁን ካየ አይሳፈርም። አባይነህ ጨርቁን አሰረ። በቀለን ጠርቶ አውሮፕላኗ እንደ ታሰረች ጠዋት ለአቶ ግርማ እንዲነግር አደራ አለው። ከዚያ ገመድ ሊገዛ ማልዶ ወደ ድሬዳዋ ወረደ።

«ጨርቁን በምን አሰርከው?»

«ሌላ ጊዜ በሲባጎ ነው። ያን ማታ ነፋስ ነበር፣ ይፈታብኛል ብዬ በሽቦ ጠመዘዝኩት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ማንም። በቀለ በር ላይ ነበር፤ ጨርቁን ከሩቅ አይቷል።»

«ለሳህሉ ለምን አልነገርከውም? ቤታችሁ አቦከር ሰፈር አይደለም? የግንብ ጎረቤቱ አይደለህም?»

አባይነህ የከንፈሩን ደም ጠረገ። ከሰኔ ጀምሮ ከሳህሉ ጋር እንደማይነጋገሩ የነገረው ቆይቶ ነው። ሳህሉ አዲስ ማድ ቤት ሠርቶ የጣሪያው ውሃ በአባይነህ ግቢ ፈሰሰ፤ በዚህ ተጣሉ፤ ሽማግሌም አላስታረቃቸውም። «ጨርቁ ይነግረዋል አልኩ» አለ አባይነህ። «ጨርቁ ካለ እኔ ደጁን መርገጥ የለብኝም አልኩ።»

ሜዳው ላይም ስብርባሪው ውስጥም ቀይ ጨርቅ አልተገኘም።

ሳህሉ በማግሥቱ ተቀበረ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ አቶ ግርማ ነበር። ከቀብር መልስ የጣቢያው አለቃ ሻምበሉን አስጠርተው መዝገቡ እንዲዘጋ ነገሩት። መካኒኩ ስህተቱን አውቆ ሸሽቷል፤ ሕዝቡ ሲይዘው ጨርቅ አሰርኩ የሚል ተረት ፈጠረ። ምን የሚመረመር ቀረ?

«የሸሸ ሰው ገመድ ገዝቶ ይመለሳል?» አለ ሻምበሉ።

«መበላሸቷን ያውቅ ነበር ማለት ነዋ። አውቆ ዝም ማለት ይብሳል። ደግሞ ከሟቹ ጋር ጠበኛ ነው።» አለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኩባንያው ባለቤቶች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ደጋግመው ደውለዋል። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጨርስልኝ።»

ሻምበሉ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ጥርሱን ነክሶ ነበር። በሽተኛ አልጋ እንዲያገኝ ማንም ትልቅ ሰው አይደውልም፤ ለጫት ግን ይደወላል።

አቦከር፣ የሳህሉ ቤት ለቅሶ ላይ ነው። ሚስቱ ገላነሽ ሰሌን ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ዓይኗ ግን ደርቆ እንደ ፍም ይፋጃል። ከተማው ውስጥ አብራሪው ማታውን ሲጠጣ አድሯል የሚል ወሬ መነሳቱን ሻምበሉ በጥንቃቄ ነገራት። የተናደደችው ግን ከጠበቀው በላይ ነው።

«ማን ነው ያለው? ባሌ አርብ ጾሞ ውሏል፤ በጊዜ ተኝቷል። ያንን መመሪያ እንደ ዳዊት ነው የሚደግመው። ቀይ ጨርቅ ቢያይ ኖሮ ንጉሥ ቢያዘው አይሳፈርም ነበር።» ትንፋሽዋን ሰብሰብ አደረገች። «ጨርቅ አልነበረም፣ ሻምበል። አባይነህ በጠባችን ነው የገደለው። ሚስቱ ጽጌሬዳ ልታለቅስ መጣች፤ ፊቷ ላይ ተፋሁባት።»

ወሬው ከማን እንደ ተነሳ ሻምበሉ ሲያጠያይቅ አንዱ ወደ አንዱ እየጠቆመው መጨረሻ ላይ ከኩባንያው ቢሮ ተላላኪ ላይ ቆመ። ተላላኪው ከማን እንደ ሰማ አላስታውስም አለ። ሻምበሉ ይህንን በልቡ ያዘ።

በማግሥቱ ወደ ሜዳው ወረደ። እዚያ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ላይ መመሪያው ተለጥፏል፤ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጭነት ልክ፣ ስለ አየር ሁኔታ። የቀዩ ጨርቅ ነገር በጉልህ ተጽፏል፦ ያሰረው ይፍታው። በቀለ ከፊቱ ቆሞ መለዮውን በእጁ ይጠመዝዛል። ጨርቅ አላየሁም አለ። አባይነህም አደራ አላለኝም። ጠዋት ጫቱ ተጫነ፣ ካፒቴኑ መጡ፣ ተነሱ፤ ሌላ ሰው አልመጣም።

«ማል።»

«መድኃኔ ዓለምን» አለ በቀለ። ሲምል ግን ወደ መሬት ነው ያየው።

ሻምበሉ አሰበ። ጨርቁ ኖሮ ከተፈታ የፈታው ሰው የሆነ ቦታ ጥሎታል። በሜዳው ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ ፖሊሶቹ አስሰው ጨርሰዋል። እንግዲህ ከሜዳው ወጥቷል ማለት ነው። ከሜዳው ወደ ከተማ የሚያስገባው ደግሞ ኤረር በር ነው። ከበሩ ሥር አትክልት የሚሸጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ፋጡማ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ጥያቄውን ሰምታ ዘንቢሏን ከራሷ አወረደች። ከሥሩ ሸክም እንዳይቆረቁራት ጠቅልላ ያደረገችው ጨርቅ ነበር። ቀይ።

«ወላሂ አልሰረቅሁም» አለች። «የክርስቲያኖቹ በዓል ጠዋት ነው። በበሩ የገባ መኪና መንገድ ላይ ወረወረው። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ቢታጠብ ያገለግላል ብዬ አነሳሁ።»

«የማን መኪና ነው?»

«አላህ ያውቃል። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ ዘወር ስል አቧራው ብቻ ነው።»

ሻምበሉ ጨርቁን ዘረጋው። ጥግ ጥጉ ግራሶ ነክቶታል። መሀሉ ተበስቶ፣ በቀዳዳው ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ቁራጭ ተሰክቷል። የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ተቆርጧል፤ አቆራረጡ አዲስና ንጹሕ ነው። ሻምበሉ እዚያው ገበያ መሀል እንደ ቆመ ደሙ ፈላ። አባይነህ አልዋሸም። አውሮፕላኗ ታስራ ነበር። አንድ ሰው ፒንሳ ይዞ ቀርቦ፣ ቀዩን ጨርቅ በዓይኑ እያየ፣ ቆርጦ አነሳው። ለፋጡማ ሌላ ጨርቅ የምትገዛበት ሰጥቷት ሽቦውን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ስለ ሽቦው ለማንም፣ ለአለቃውም ቢሆን፣ አልተናገረም።

መጀመሪያ የጠረጠረው ያን ጠዋት ጫቱን ወደ ሜዳው ያመጣውን የጫት መኪና ሾፌር ነው። የያዘው ጫት ቢጠወልግ የሚከስረው እርሱ ስለ ሆነ ምክንያት ነበረው። ሾፌሩ እየተሳደበ መጣ። ጫቱን አራግፎ ከከተማው ውጪ ባለው መንገድ ወደ ጫት ገበያው አወዳይ እንደ ተመለሰና እዚያም ጎማው ፈንድቶ ሲያስጠግን እንደ ነበር ተናገረ። የጎማ ጠጋኙ ቃል ከእርሱ ቃል ጋር ገጠመ። ኤረር በርን አልረገጠም። አንድ ቀን ባከነ።

ታዲያ ወደ ሜዳው በመኪና የሚመላለስ ሌላ ማን አለ? አቶ ግርማ ጂፕ አለው። ነገር ግን አቶ ግርማ ያን ጠዋት ከኪዳን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበር ተናግሯል፤ አደጋው ሲሰማም ከቅጽሩ እየሮጠ ሲወጣ ብዙ ሰው አይቶታል። ሻምበሉ የደብሩን አለቃ ሊጠይቅ ሄደ። አረጋዊው ቄስ ስለ ሰውየው ደግ ደጉን አወሩ። በየዓመቱ ለንግሥ ማልዶ መጥቶ ለነዳያን ምጽዋት ያድላል አሉ።

«ዘንድሮስ፣ አባ?»

«ዘንድሮ አርፍዶ ነው የመጣው። ወንጌል ተነቦ ነበር። ነዳያኑ ሲጠብቁት ቆይተው እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው አለ።»

ሻምበሉ መስቀል ተሳልሞ ወጣ። የአቶ ግርማ ጂፕ ከኩባንያው ቢሮ ደጃፍ ቆማ ነበር። ዞሯት። አራቱም ጎማዎች እኩል ያለቁ ናቸው። ከኋላ የተሰቀለው ትርፍ ጎማ የሸረሪት ድር ለብሷል። ለወራት አልተነካም።

አቶ ግርማ ተነስቶ ተቀበለው። ፊቱ ከስቷል፣ ጥቁር ክራባት አስሯል። ለገላነሽ ጡረታ እንዲወጣላት ለባለቤቶቹ እንዳመለከተና የተዝካሩንም ወጪ ኩባንያው እንደሚሸፍን ተናገረ። ሻምበሉ እስኪጨርስ ጠብቆ ቀዩን ጨርቅ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ኤረር በር ላይ ተገኘ» አለ።

አቶ ግርማ ጨርቁን ብዙ አላየውም። «ከተማው ቀይ ጨርቅ የሞላበት ነው። ግዴለም፣ አባይነህ ያሰረው ነው እንበል። የሚበር ሰው በሽቦ የተጠመጠመ ነገር ፕሮፔለሩ ላይ እያየ ሞተር ያስነሳል? ሳህሉ ዕውር አልነበረም። ዘበኛው በቀለም ቢሆን ባየው ነበር።»

ሻምበሉ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገ።

«በሽቦ?»

«እ?»

«በሽቦ የተጠመጠመ አሉ። ይህ ጨርቅ ላይ ሽቦ የለም። ሁልጊዜ የሚታሰረው በሲባጎ ነው። ሽቦ መሆኑን ከማን ሰሙ?»

አቶ ግርማ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። በቀለ ነግሮኝ ይሆናል አለ።

«በቀለ ጨርቅ የሚባል አላየሁም ብሎ ምሏል። ከእርሱ ሰምተው ከሆነ በቀለ በሐሰት መስክሯል። ካልሰሙ ደግሞ ሽቦውን ያዩት እርስዎ ነዎት። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።» ሻምበሉ ከኪሱ ቁራጩን አውጥቶ ከጨርቁ አጠገብ አኖረ። «ጎማዎም አልፈነዳም። ትርፍ ጎማዎን አሁን አይቼው ነው የገባሁት።»

አቶ ግርማ ጠበቃዬ ሳይመጣ አልናገርም አለ። ከዚያም የማንን ስልክ እንደሚደውል ዘረዘረ። ሻምበሉ ሁለት ፖሊሶች በር ላይ አቁሞ ወደ ሜዳው ነጎደ።

በቀለ ጨርቁንና ሽቦውን ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠ። አቶ ግርማ ከሥራ አባርርሃለሁ፣ አብረህ ትታሰራለህ ብሎ አስፈራርቶት እንደ ነበር ተናገረ። ሻምበሉ አላዘነለትም።

«ሰው ያለ ሥራ ይኖራል። ንጹሕ ሰው ሲወገር ቆመህ አየህ። ተናገር።»

በቀለ ተናገረ። ጠዋት አደራውን ለአቶ ግርማ አድርሷል። አቶ ግርማ ጂፑን አቁሞ ጨርቁን አየ፤ አባይነህን ሰደበ። ጫት በዓል አያውቅም፣ ዛሬ ካልደረሰ ጅቡቲ ያሉት ገዢዎች ወደ ሌላ ኩባንያ ይዞራሉ አለ። ከጂፑ ፒንሳ አመጣ። በቀለ «መመሪያው አይከለክልም ወይ፣ ጌታዬ?» ቢለው «መመሪያው ግድግዳ ላይ ነው፣ ጫቱ ግን መሬት ላይ» ብሎ መለሰለት። ጨርቁን ቆርጦ ኪሱ ከተተ። ሳህሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሳህሉ ምንም አልጠየቀም?»

በቀለ መለዮውን ፊቱ ላይ ደፋ። «ጠይቀዋል።»

የቀረውን ሻምበሉ ደጋግሞ አስነገረው፤ አንድ ቃል እንዳይጠፋበት እያሰፈረ።

ሻምበሉ ወደ ቢሮው ሲመለስ አቶ ግርማ ሁሉን እንደ ተረዳ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። አሁን ስለ ጠበቃ አላነሳም። አንድ ጉዞ ብቻ ነበር አለ። አውሮፕላኗ ገመዱ ለሳምንታት እየተበላ ስትበር ነበር፤ አንድ ቀን ቢጨመር ምን ይሆናል? ማንም እንዲሞት አልፈለገም።

ሻምበሉ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። ካልያዘ ይመታዋል። «መመሪያውን ግድግዳው ላይ የለጠፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለሠራተኞቹ አንብቦ ያስረዳውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳህሉ ሲጠጣ አድሯል ያሰኘውስ? አባይነህን ሸሸ ያሰኘውስ? አንዱን ገድለህ፣ አንዱን በቁሙ ቀበርክ።» ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀረ። «ተነስ።»

ስልኩ ይጮህ ነበር። ማንም አላነሳውም። ግርማን በዋናው መንገድ፣ ገበያተኛው እያየ፣ በእግሩ ወደ ጣቢያ ወሰደው። አለቃው በመስኮት አይተው ወረዱና ኮሪደሩ ላይ ጠበቁት። ሻምበሉ ጨርቁን፣ ሽቦውንና የበቀለን ቃል ጠረጴዛቸው ላይ ደረደረ። «ይህንን ዝጋ የሚለኝ ካለ በጽሑፍ ይዘዘኝ፤ ፈርሞ» አለ። አለቃው የበቀለን ቃል እስከ መጨረሻው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ የአባይነህ ክፍል እንዲከፈት አዘዙ።

ሻምበሉ አባይነህን ራሱ ወደ አቦከር ወሰደው። አባይነህ ከንፈሩ ገና አልሻረም። የገላነሽ ደጃፍ ሲደርሱ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። ጽጌሬዳ ባሏን አይታ ከግቢዋ ወጣች፤ ክንዱን ይዛ ወደ ቤቱ ልትመልሰው ሞከረች። አባይነህ ግን ቆመ። ገላነሽ ከሰሌኑ ሳትነሳ ሁለቱንም አየቻቸው።

ሻምበሉ ማን እንደ ታሰረ፣ ጨርቁ እንዴት እንደ ተቆረጠ ነገራት። ገላነሽ አላለቀሰችም። የግርማን ስም አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ደገመችው። ለቅሶ ቤቷ ውስጥ ገብቶ በእጁ እህል ያጎረሳት ሰው ነው።

«ሳህሉ ዝም ብሎ ነው የተሳፈረው?» አለች። «ሳይጠይቅ?»

«ጠይቋል። መካኒኩ የት አለ ብሎ። ግርማ ‹አባይነህ ፈትሾ ጨርሶ ዕቃ ሊያመጣ ወርዷል፤ ደህና ናት ብሏል› አለው።» ሻምበሉ ወደ አባይነህ ዞረ። ይህን የሚናገረው ለእርሱም ነበር። «ሳህሉም ‹አባይነህ ደህና ናት ካለ ደህና ናት› ብሎ ወጣ። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

አባይነህ የግቢውን አጥር ያዘ። ሲናገር ድምፁ እንባ አልነበረበትም፣ ቁጣ እንጂ።

«በእኔ ስም ነው የገደለው» አለ። «ሰማሽ፣ ገላነሽ? በእኔ ስም።»

ገላነሽ ይቅር በለኝ አላለችም። እርሱም አልጠበቀም። ነጠላዋን ሰበሰበችና ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ አለች፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ። ከዚያ ቀና ብላ ጽጌሬዳን አየችና እንደገና ፈቀቅ አለች።